ዳይሱ ምን አጠፋ? «ዕድል ያለበት ጨዋታ ፍትሕ የለውም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ጌም በሚሠሩና ለመሥራት በሚያስቡ ወጣቶች መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ጨዋታ ፍትሐዊ የሚሆነው ዕድል ሲወጣለት ብቻ ነው፤ ዕድል የግድ ከገባም ንጹሕ ዘፈቀደ ይሁን፣ ማንም አይነካካው፤ ስክሪኑ ላይ የተጻፈው ፐርሰንት ኮዱ ውስጥ ካለው በአንዲት ነጥብ እንኳ ከተለየ ማጭበርበር ነው፤ «ቀላል» የሚባል ደረጃ ማስገባት ሥራውን ማርከስ ነው፤ ኋላ የቀረውን መርዳት ከመሪው መስረቅ ነው፤ ሚዛን መጠበቁ የሚታወቀውም ሁለቱ ወገኖች እኩል ሲያሸንፉ ነው። ጸሐፊው በሉዶ ጀምረው በሉዶ ይጨርሳሉ፤ ዳይሱን ሸንጎ ፊት አቁመው ይፈርዱበታል።

የምንስማማበት ነጥብ አለ፤ ቦታው ሲደርስ እንናገራለን። በአብዛኛው ግን ጥፋቱ የተጫነው ባላጠፋው ላይ ነው። እኛ የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ዳይሱ ከወደቀ በኋላ ተጫዋቹ የሚያስብበት ነገር ቀርቶለታል ወይስ የታዘዘውን ከማድረግ በቀር ምርጫ የለውም?

ገበጣ ዕድል የለበትም፤ ታዲያ ማን ይጀምር?

ጸሐፊው ገበጣን፣ ዳማንና ቼዝን የፍትሕ ምሳሌ አድርገው ያቀርባሉ። ሁሉም ነገር ፊት ለፊት የተዘረጋ ነው፤ የተደበቀ ካርታ የለም፤ ስለዚህ የተሻለው ያሸንፋል ይላሉ። የተዘረጋ መሆኑ እውነት ነው። «ስለዚህ» የምትለዋ ቃል ላይ ግን አንድ ነገር ተረስቷል፤ የጀማሪው ብልጫ። የገበጣ ዘመድ የሆነውና በውጭ አገር በሰፊው የሚታወቀው ካላህ፣ በየወገኑ 6 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ተደርጎ ሲጀመር በ2000 በኮምፒዩተር ተፈትቷል፤ ሁለቱም አንድም ስሕተት ሳይሠሩ ከተጫወቱ የሚያሸንፈው የጀመረው ነው። ሰው እንደ ኮምፒዩተር አይጫወትም፣ ልክ ነው። ግን ማን ይጀምር ተብሎ ሳንቲም ሲወረወር ሚዛኑ ቀድሞ አዘንብሏል። ዕድሉ ከገበታው ወጣ እንጂ ከጨዋታው አልወጣም፤ ያውም ማንም ሊያርመው ወደማይችልበት ቦታ ሄዶ ተቀመጠ። በቼዝም በውድድሮች ከተሰበሰበው ጠቅላላ ነጥብ ቀድሞ የሚጀምረው ነጩ የሚወስደው ከ52 እስከ 56 በመቶ ነው።

ይህን የተረዱ ጨዋታዎች መድኃኒቱን ራሳቸው አበጅተዋል። «ጎ» የሚባለው የእስያ የጠጠር ጨዋታ ሁለተኛ ለሚጫወተው፣ ነጩን ጠጠር ለያዘው፣ ካሳ ይሰጠዋል፤ በጃፓን ሕግ 6.5 ነጥብ፣ በቻይና ሕግ 7.5። ግማሿ የገባችው አቻ እንዳይወጡ ነው። ሄክስ በሚባለው ጨዋታ ደግሞ አንዱ የመጀመሪያዋን ጠጠር ያስቀምጣል፤ ሌላው ከፈለገ ይቀጥላል፣ ከፈለገ ያችን ጠጠር ለራሱ ይወስዳል። ዳቦውን አንዱ ቆርሶ ሌላው ሲመርጥ ማለት ነው፤ ቆራሹ ሳይወድ በግድ እኩል ይቆርሳል። ሦስተኛው የራሳችን ነባር ቼዝ፣ ሰንጠረዥ ነው። በሰንጠረዥ «ወረራ» በሚባለው መክፈቻ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል የለም፤ ሁለቱም እያንቀሳቀሱ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለዋውጣል። ጀማሪ ከሌለ የጀማሪ ብልጫ ከየት ይመጣል? (እጀ ፈጣኑ ይጠቀማል የሚል ካለ አንከራከርም፤ ብልጫው ከተራ ወደ እጅ ተዛውሯል። ሚዛን እንዲህ ነው፤ አንዱን ጎን ሲጫኑት ሌላው ይነሣል።)

የገበጣ አፕ የሚሠራ ሰው ከእነዚህ አንዱን ማስገባት ከባድ ሥራ አይሆንበትም። ቀላሉ መንገድ ሁለት ዙር አጫውቶ፣ ጀማሪውን ቀያይሮ፣ የሁለቱን ዙር ጠጠር መደመር ነው።

ሌላም ያልታየ ነገር አለ። ዕድል ፈጽሞ በሌለበት ጨዋታ የችሎታ ልዩነት ምሕረት የለውም። የቼዝ ተጫዋቾችን ብርታት በነጥብ በሚለካው በኤሎ አቆጣጠር 400 ነጥብ የሚበላለጡ ሁለት ተጫዋቾች ሲገናኙ ብርቱው ከነጥቡ 91 በመቶ ያህሉን ይወስዳል ተብሎ ይጠበቃል። ለሻምፒዮና ይህ ተገቢ ነው። አጎትና የ9 ዓመት የእኅት ልጅ በሚጫወቱት ጌም ግን ልጁ ሦስተኛውን ዙር አይጠይቅም። ጨዋታው ለማን ነው የሚለው ሳይመለስ «ዕድል ይውጣ» ማለት እግሩ ሳይለካ ጫማ መስፋት ነው።

ወደ ሉዶው እንምጣ

የጽሑፉ ዋና ክስ ይህ ነውና ቀረብ ብለን እንየው። ጠጠር ከቤት ለማውጣት 6 ያስፈልጋል። በተራ አንድ ጊዜ ብቻ የሚጣል ከሆነ በ5 ተራ ውስጥ 6 ያለማግኘት ዕድል 40 በመቶ ነው፤ በ10 ተራ ደግሞ 16 በመቶ። ለአንድ ሰው ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ጠረጴዛው ላይ ግን አራት ሰው ነው ያለው፤ ከ10 ዙር በኋላ ከአራቱ ቢያንስ አንዱ እቤቱ እንደተቀረቀረ የመገኘቱ ዕድል 51 በመቶ ነው። ከሁለት ጨዋታ በአንዱ አንድ ሰው ሌሎቹ ሲሯሯጡ እያየ ዳይስ ወርውሮ የሚያቀብል ሎሌ ሆኗል ማለት ነው። የጸሐፊው ብስጭት ከዚህ የመጣ ከሆነ ሙሉ በሙሉ እንረዳዋለን።

ነገር ግን ያው ዳይስ ሁለትና ሦስት ጠጠር በወጣበት ሰዓት ሲወድቅ ነገሩ ሌላ ነው። 4 ወጣ እንበል። በአንዱ ጠጠር የባላጋራን መብላት ይቻላል፤ ሌላው ከኋላው በ3 እርምጃ የሚያሳድደው ስላለ መሸሽ ይፈልጋል፤ ሦስተኛው 4 ቢጨመርለት መጠጊያ ቤት ይገባል። ቁጥሩን ዕድል ሰጠ፤ ምን ይደረግበት የሚለውን ግን ሰው ይወስናል። የሉዶ ሕመም ዳይሱ ውስጥ ሳይሆን ምርጫ የሌለባቸው ሁለት ቦታዎች ላይ ነው፦ መውጫው ላይ፣ እና ልክ ቁጥሩ ካልመጣ በማይገባበት መጨረሻው ላይ።

ስለዚህ የሚታከመው ሕጉ ነው። የሚታወቁት መድኃኒቶች ከነጉዳታቸው እነሆ።

እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ጠጠር ውጭ አድርጎ ይጀምር። ዋጋው ምንም ማለት ይቻላል፤ ግን ያች ጠጠር ተበልታ ስትመለስ ችግሩ አብሯት ይመለሳል።

ሁሉም ጠጠር እቤት ሲሆን በተራ ሦስት ጊዜ ይጣል። የሉዶ ዘመድ የሆነው የጀርመኖቹ ጨዋታ ይህን ሕግ ይዞ ኖሯል። ሦስት ተራ አልፎ ያለመውጣት ዕድል ከ58 በመቶ ወደ 19 በመቶ ይወርዳል። ጉዳቱ ተራው ይረዝማል፤ በስልክ ላይ ዳይሱ እስኪንከባለል በየጊዜው 2 ሰከንድ የሚያስጠብቅ አኒሜሽን ካለበት ያስመርራል። አኒሜሽኑን ለእነዚህ ሦስት ውርወራዎች ወደ 0.4 ሰከንድ አሳጥሩት።

በ1ም በ6ም ይውጣ። በ10 ተራ የመቀርቀር ዕድል ከ16 ወደ 1.7 በመቶ ይወርዳል፤ ከአራቱ አንዱ የመቀርቀሩም ከ51 ወደ 7 በመቶ።

ሁለት ዳይስ ተጥሎ ተጫዋቹ አንዱን ይምረጥ። እኛ የምናደላው ለዚህ ነው፤ መውጫው ላይ ብቻ ሳይሆን በየተራው ምርጫ ይጨምራል። ቢያንስ አንድ 6 የማግኘት ዕድል 31 በመቶ ይሆናል። ግን ሁለት ነገር ይበላሻል። ሁልጊዜ ትልቁን ለሚመርጥ ሰው አማካይ እርምጃ ከ3.5 ወደ 4.5 ገደማ ይጨምራል። ደግሞም አንዱ ዳይስ ካልበላ ሌላው ሊበላ ስለሚችል መበላላቱ ይበዛል፤ ጨዋታው ያጥራል ብላችሁ ስትጠብቁ ሊረዝም ይችላል። መጠጊያ ቤቶችን በመጨመር ይካካሳል፤ ስንት እንደሚጨመር በሙከራ እንጂ በግምት አይወሰንም።

ከሉዶ ውጭም ነገሩ ያው ነው። ካርታ ተስቦ ከዚያ ምን ልጣል ተብሎ ሲታሰብ፣ ዕድሉ ከውሳኔው በፊት መጥቷል። ጦርነት ታቅዶ፣ ወታደር ተሰልፎ፣ መጨረሻ ላይ «70 በመቶ» ተብሎ ሲተኮስ ዕድሉ ከውሳኔው በኋላ መጥቷል። ሁለተኛው ክልክል አይደለም፤ ሲገባ ግን ተከፋፍሎ ይግባ። 70 በመቶ የሚመታ አንድ ጦር ወይ ሁሉን ይሰጣል ወይ ምንም። ያንኑ ጉዳት ለ10 ቀስት ብታከፋፍሉት፣ እያንዳንዱ 70 በመቶ እየመታ፣ ከ100 ጊዜ 92ቱን ከ5 እስከ 9 ቀስት ይመታል። አማካዩ አልተለወጠም፤ ጥሩ ያሰበ ሰው በአንድ ውርወራ መና መቅረቱ ግን ቀረ።

«ንጹሕ ዘፈቀደ ከሁሉም ይበልጥ ፍትሐዊ ነው»

ለማን? ጠላት በተገደለ ቁጥር 1 በመቶ የመገኘት ዕድል ያለው ሰይፍ አስቀምጡ። ብዙ ተጫዋች 100 ጊዜ ከገደልኩ አገኘዋለሁ ብሎ ያስባል። ከ100 ግድያ በኋላ ያላገኘው 37 በመቶ ነው። ከ300 በኋላ 5 በመቶ። 10,000 ተጫዋች ካላችሁ 500 ጊዜ ገድለው ባዶ እጃቸውን የሚቀሩ 66 ሰዎች አሉ። ኮዱ ምንም አልተሳሳተም፤ እነዚያ 66 ሰዎች ግን ከሌሎቹ የተለየ ጥፋት የላቸውም። ንጹሕ ዘፈቀደ ለብዙኃኑ በአማካይ ፍትሐዊ ነው፤ ለአንዱ ሰው በአንድ ምሽት ግን ዋስትና አይሰጥም። ተጫዋች ደግሞ የሚኖረው በአንድ ምሽት ውስጥ ነው።

ከላይ የሚወርዱ ቅርጾች የሚደረደሩበት ቴትሪስ ይህን ከፈታ ቆየ። በዘመናዊው ሕግ ሰባቱ ቅርጾች ከረጢት ውስጥ ገብተው ይበወዛሉ፤ ሰባቱም ወጥተው ሳያልቁ ከረጢቱ እንደገና አይሞላም። በዚህ የተነሣ ሁለት ረጃጅም ዘንጎች መካከል የሚገቡት ቅርጾች ቢበዛ 12 ናቸው። እያንዳንዱ ቅርጽ ለብቻው ዕጣ ቢወጣለት ኖሮ ከየትኛውም ቅጽበት ተነሥቶ 12 ቅርጽ ዘንግ ሳያዩ የማለፍ ዕድል 16 በመቶ ነበር፤ 30 ቅርጽ የማለፍ ደግሞ 1 በመቶ ገደማ። ከረጢቱ ዕድልን አላጠፋም፤ ተጫዋቹ ሊቆጥረው የሚችል ነገር አደረገው። አምስት ወጥተዋል፣ ሁለት ቀርተዋል፣ አንዱ ዘንግ ነው ብሎ ቦታ ያስቀምጣል። ጸሐፊው «መነካካት» ያሉት ይኸው ነው።

ዋጋ አለው፤ አንደብቅም። ዕድሉ ሲለዝብ ጨዋታው ይቀላል፤ ስለዚህ ክብደቱ ወደ ፍጥነት መዛወር ነበረበት፤ ተዛወረም።

ሌላው ስልት ዋርክራፍት 3 እና ዶታ 2 በተባሉት የውጊያ ጌሞች የሚሠራው ነው። 25 በመቶ የተባለ ልዩ ምት በመጀመሪያው ሙከራ 8.5 በመቶ ብቻ ነው፤ ባልወጣ ቁጥር በ8.5 እየጨመረ 17፣ 25፣ 34 እያለ ይሄዳል፤ ሲወጣ ወደ 8.5 ይመለሳል። በረጅሙ አማካዩ 25 በመቶ ይሆናል፤ 12ኛው ሙከራ ላይ የግድ ይወጣል። በንጹሕ ዘፈቀደ 12 ተከታታይ መሳት 3 በመቶ ጊዜ ያጋጥማል። ጉድለቱ ብልጥ ተጫዋች ቆጣሪውን አስቀድሞ መሙላት መቻሉ ነው፤ ተራ ጭራቅ ላይ እየሳተ ቆይቶ፣ ዕድሉ ከፍ ሲል ወደ ሰው ይዞራል። ይህን ለማገድ ቆጣሪውን ለየዒላማው ለየብቻ ያዙት፣ ወይም ከ10 ሰከንድ ዝምታ በኋላ ወደ መነሻው መልሱት።

ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር

እዚህ ላይ ግማሽ መንገድ ከጸሐፊው ጋር እንሄዳለን።

በመጀመሪያ ችግሩን በትክክል እንረዳው። ሲቪላይዜሽን የተባለው የስልት ጌም ፈጣሪ ሲድ ማየር በ2010 በጌም ሠሪዎች ጉባኤ ላይ የተናገረው አለ፤ ተጫዋቾች 3 ለ1 ብልጫ ይዘው ሲሸነፉ ጌሙ ተበላሽቷል ይላሉ። 2 ለ1 ላይ ሲሸነፉ ይቀበላሉ። 20 ለ10 ላይ ግን እንደገና ይቆጣሉ፤ ሒሳቡ ያው መሆኑ አያጽናናቸውም። ራሳቸው በ1 ለ3 ሲያሸንፉ ደግሞ ማንም ቅሬታ አያቀርብም። ሰው ፐርሰንትን እንደ ሒሳብ ሳይሆን እንደ ተሰጠ ቃል ይሰማዋል።

ለዚህ የተሰጡት መልሶች የተለያዩ ናቸው። ፋየር ኤምብለም የተባለው የጦርነት ጌም በ2002 ከወጣው ክፍል ጀምሮ ለረጅም ዓመታት ከ0 እስከ 99 ሁለት ቁጥር አውጥቶ አማካዩን ይወስድ ነበር። ስክሪኑ 90 ሲል እውነተኛው 98 ነው፤ 75 ሲል 88፤ 20 ሲል 8። የተጫዋቹ ወታደሮች ብዙ ጊዜ ከ70 በላይ፣ ጠላት ከ40 በታች ስለሆነ፣ ማስተካከያው ለተጫዋቹ ያደላል። በ2016 የወጣው ሌላ የጦርነት ጌም፣ ኤክስኮም 2፣ ደግሞ ዝቅ ባሉት የክብደት ደረጃዎች ተጫዋቹ በሳተ ቁጥር ለቀጣዩ ተኩስ በስውር ይጨምርለታል፤ በከፍተኛው ደረጃ ይህ የለም።

ማጭበርበር ነው? ሰው ከማሽን ጋር ብቻውን ሲጫወትና ማስተካከያው ለእሱ ሲያደላ፣ እኛ ማጭበርበር አንለውም። ተጫዋቹን የተሳሳተ ትምህርት ማስተማሩ ግን እውነት ነው፤ 90 ሲያይ ለመሳት መዘጋጀትን ይተዋል፣ ከዚያ ሌላ ጌም ሲከፍት ያለቅሳል። ሰው ከሰው ጋር ሲጫወት ግን ስውር ማስተካከያ አይገባም፤ ለአንዱ የተጨመረው ከሌላው የተወሰደ ነው። ገንዘብ ካለበት ደግሞ ነገሩ ያበቃል። ዕጣ የሚሸጥ ጌም ያሳየው ፐርሰንት ኮዱ ውስጥ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ቻይና ከ2017 ጀምሮ ፐርሰንቱ በይፋ እንዲገለጽ አስገድዳለች፣ ቤልጅየም በ2018 አንዳንዶቹን ቁማር ብላ ፈርጃለች። በዚህ ላይ የጸሐፊውን ቁጣ እንጋራለን፤ እንዲያውም አነሰ።

ሳይዋሹ ማስተካከልም ይቻላል። ከ95 በላይ የሆነውን ሁሉ 100 አድርጉና 100 ብላችሁ ጻፉ። ወይም የሳተ ጥይት ፈጽሞ ባዶ አይሁን፤ ቧጥሮ ይለፍ፣ ከጉዳቱ ግማሹን ያድርስ። ተጫዋቹ ሴቭ አድርጎ እየተመለሰ እስኪመታ ድረስ እንዳይሞክር ደግሞ የዘፈቀደ ቁጥሩን መነሻ ከሴቩ ጋር አብራችሁ አስቀምጡ፤ ያው ተኩስ ያው ውጤት ይሰጠዋል፣ የተለየ ውጤት ከፈለገ የተለየ ነገር ማሰብ ይኖርበታል።

«ቀላል ደረጃ ሥራውን ያረክሳል»

ክብደት አንድ መዘውር ተደርጎ ስለታየ ነው። ቢያንስ አራት ናቸው፦ ምላሽ ለመስጠት የሚፈቀደው ጊዜ፣ የቁጥሮቹ (የነፍሱና የጉዳቱ) ብዛት፣ የሚታየው መረጃ፣ የመሸነፍ ቅጣት። ብዙ ጊዜ የሚጠመዘዘው ሁለተኛው ነው፤ በጣም የሚያሰለቸውም እሱ። አንድ ቦስ (የደረጃው ዋና ጠላት) በ2 ደቂቃ የሚሞት ከሆነና ተጫዋቹ በደቂቃ 20 በመቶ የመሞት ዕድል ካለው፣ የማለፍ ዕድሉ 64 በመቶ ነው። የቦሱን ነፍስ ሦስት እጥፍ አድርጉት፤ ፍልሚያው 6 ደቂቃ ሆነ፣ የማለፍ ዕድሉም 26 በመቶ። አንድም አዲስ ነገር እንዲያውቅ አልተጠየቀም። ከባድ አላደረጋችሁትም፤ አስረዘማችሁት እንጂ።

ጊዜውን እንይ። ሰው ያየውን ነገር አይቶ ጣቱን ለማንቀሳቀስ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። የስክሪኑና የንክኪው መዘግየት ይጨመርበታል። ጠላት ሰይፉን አንሥቶ በ0.3 ሰከንድ የሚመታ ከሆነ ተጫዋቹ የሚመልሰው አይቶ ሳይሆን ሸምድዶ ነው። ለመደበኛው ደረጃ ከ0.6 ሰከንድ ጀምሩ፤ ለከባዱ ወደ 0.45 አውርዱ። ይህን በፍሬም (ስክሪኑ እየተከታተለ በሚያሳየው ምስል ብዛት) አትቁጠሩ። 6 ፍሬም በሰከንድ 60 ፍሬም ላይ 0.1 ሰከንድ ነው፤ ርካሽ ስልክ ላይ ወደ 30 ሲወርድ 0.2 ይሆናል። አንዱ ጌም በሁለት ስልክ ላይ ሁለት ክብደት ይኖረዋል፤ ፍትሕ ከተባለ ከዚህ የባሰ የት አለ?

በከባድነቱ የሚወደሰው ሴሌስት በ2018 ሲወጣ፣ ተጫዋቹ ከገደሉ ጫፍ ካለፈ በኋላም ለ0.1 ሰከንድ መዝለል ይፈቅድለት ነበር። ማንም አላረከሰውም፤ «ጫንኩት እኮ!» የሚለውን ጩኸት አስቀረ እንጂ። በዚያ ላይ የጌሙን ፍጥነት እስከ ግማሽ ዝቅ ማድረግ የሚያስችል የእገዛ ምርጫ አለው። የ2020ው ሄዲስ ደግሞ የእገዛ ምርጫውን ለከፈተ ተጫዋች የሚደርስበትን ጉዳት በ20 በመቶ ይቀንስና በሞተ ቁጥር 2 ይጨምራል፤ 80 ላይ ይቆማል። እዚያ ለመድረስ 30 ጊዜ መሞት አለበት። 30 ጊዜ ሞቶ ያልተወውን ሰው «አልለፋም» የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረን።

መሪውን መስረቅ

በማሪዮ ካርት የመኪና እሽቅድምድም ጌም ኋላ የቀረው የተሻለ ዕቃ ያገኛል፤ ጸሐፊው ይህን ዝርፊያ ይሉታል። ውድድር ከሆነ ይበዛል፣ እውነት ነው። ግን እገዛ ሁሉ ስጦታ አይደለም። በ2004 የወጣው ፓወር ግሪድ የሚባለው የጠረጴዛ ጨዋታ ነጥብ ለማንም አይሰጥም፤ የሚሠራው በተራ ነው። ኋላ ያለው ነዳጅ ቀድሞ በርካሽ ይገዛል፣ መሪው የተረፈውን በውድ። መሪው አሁንም መሪ ነው፤ ልዩነቱን ለማስጠበቅ ግን ማሰብ አለበት። የሚበላሸው አንድ ቦታ ነው፤ ብልጦቹ ሆን ብለው ሁለተኛ እየሆኑ ይቆዩና በመጨረሻው ዙር ይፈተለካሉ። ይህ ካላማራችሁ እገዛው ጨዋታው ሁለት ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እንዲጠፋ አድርጉ።

«50 በ50 ከሆነ ሚዛኑ ተጠብቋል»

ሳንቲም መወርወርም 50 በ50 ነው። ይህ ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፤ ያውም ብዙ ጊዜ በትክክል አይለካም። 100 ጨዋታ አጫውታችሁ አንዱ ወገን 56 ቢያሸንፍ አትደንግጡ፤ በ100 ጨዋታ የሚጠበቀው መዋዠቅ ወደ ላይም ወደ ታችም 10 ነጥብ ያህል ነው። በ400 ጨዋታ ወደ 5፣ በ2,500 ወደ 2 ይወርዳል። 52 ከ48 የሚያህል ማዘንበል ለመያዝ በሺዎች የሚቆጠር ጨዋታ ያስፈልጋል። በ20 ጓደኛ ሙከራ ላይ ተመሥርቶ ቁጥር መለዋወጥ ጥላን መከተል ነው።

የተሻለው ተጫዋች እንዲለይ ከፈለጋችሁ ደግሞ ዕድሉን መቀነስ ብቻ አይደለም መንገዱ፤ ዙሩን መጨመርም ነው። በአንድ ጨዋታ 60 በመቶ የሚያሸንፍ ሰው፣ ከ3 ዙር 2 ላሸነፈ ሲባል 65፣ ከ5 ዙር 3 ሲባል 68፣ ከ7 ዙር 4 ሲባል 71 በመቶ ያሸንፋል።

ሉዷችሁን ለመፈተሽ እንዲህ አድርጉ። ሁለት ዓይነት ቦት (ራሱ የሚጫወት ፕሮግራም) ጻፉ። አንደኛው ከሚችላቸው እርምጃዎች አንዱን በዘፈቀደ ይምረጥ። ሁለተኛው ሦስት ሕግ ብቻ ይኑረው፦ መብላት ከቻለ ይብላ፤ ካልቻለ ከኋላው በ6 እርምጃ ውስጥ የሚያሳድደው ያለበትን ጠጠር ያሽሽ፤ ያም ከሌለ ከፊት ያለውን ይግፋ። ሁለተኛውን ከሦስት አንደኛዎች ጋር 10,000 ጊዜ አጫውቱ፤ የመቀመጫውን ቦታ በየጨዋታው እየቀያየራችሁ። ምንም ልዩነት ከሌለ 25 በመቶ ያሸንፋል፤ በዚህ ብዛት መዋዠቁ 1 ነጥብ አይሞላም። ከ26 ካላለፈ በጨዋታችሁ ውስጥ ማሰብ ዋጋ የለውም ማለት ነው፤ አንዱን የመውጫ ሕግ ቀይሩና እንደገና 10,000 ጊዜ አጫውቱ። ዳይሱን አትንኩት።